ጦም ያደረውን መሬት ለወላይታ ገበሬ ያደሉት ገርማሜ ንዋይ

የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲነሣ ስማቸው አብሮ የሚጠራው ገርማሜ ንዋይ፣ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ መቀመጫቸው ሶዶ ነበር። በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረችውን የወላይታ አውራጃ ያስተዳድሩ ነበር።

ገርማሜ በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው የተመለሱ ምሁር ናቸው። ለሁለተኛ ዲግሪያቸው ያጠኑት የነጭ ሰፋሪዎች የመሬት ይዞታ በኬንያ ያስከተለውን ችግር ነው። ገበሬ በገዛ ምድሩ የሌላ ሰው አራሽ እንዴት እንደሚሆን በመጽሐፍ መርምረው የመጡት ሰው፣ ወላይታ ሲደርሱ ተመሳሳዩን በዓይናቸው ተመለከቱ።

ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከተሸነፉ ወዲህ ከአውራጃው መሬት ብዙው ለዘማቾችና ለሹማምንት ተሰጥቶ፣ አራሹ ጭሰኛ ሆኖ ነበር። ከምርቱ ለባለመሬቱ ያካፍላል፤ ጉልበቱንም ይገብራል። ወላይታ ደግሞ ሕዝቡ የበዛባት፣ መሬቱ የጠበበባት ምድር ናት። በጓሮው እንሰትና ጎደሬ ተክሎ የሚያድር ቤተሰብ፣ ከአጥሩ ማዶ ጦም ያደረ ሰፊ ማሳ እያየ መራቡ ለገዥው የሚዋጥ ነገር አልሆነም።

ሕዝቡን አስተባብረው መንገድና ትምህርት ቤት አሠሩ፤ ጉቦን ተዋጉ። ከሁሉ የከበደው ሥራቸው ግን ያልታረሰውን መሬት ለመሬት አልባ ገበሬዎች ማደል መጀመራቸው ነበር። ባለመሬቶቹ አቤቱታቸውን ይዘው ቤተ መንግሥት ደረሱ። ገርማሜም ከሶዶ ተነሥተው ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። በዚያም ለአርብቶ አደሩ የውኃና የጤና አገልግሎት ለማድረስ ቢጥሩ በቂ ድጋፍ አላገኙም። በሹመት ወንበር ተቀምጦ ሥርዓቱን ማሻሻል አይቻልም ወደሚል ድምዳሜ የገፋቸው ይኸው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ገርማሜና የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ወንድማቸው ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ እርምጃ ወሰዱ። ጦር ሠራዊቱ ከዘውዱ ጎን በመቆሙ ሙከራው በጥቂት ቀናት ከሸፈ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በጥይት ተደበደቡ፤ ከሟቾቹ ውስጥ ራስ አበበ አረጋይ ይገኙበታል። እጃቸው የታሰረ ሰዎችን መፍጀት በየትኛውም በጎ ዓላማ የሚሸፈን አይደለም፤ የወላይታው መልካም ሥራም ይህን አያጥበውም።

ገርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን ከአዲስ አበባ ውጭ ሲሞቱ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። አስከሬናቸው በመዲናዪቱ በአደባባይ ተሰቀለ። ቆስለው የተያዙት ወንድማቸው ተፈርዶባቸው መጋቢት 21 ቀን በስቅላት ተቀጡ።

ከዚያ በኋላ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን ለማስተካከል የቀረቡ ረቂቅ አዋጆች ባለመሬቶች በሞሉበት ፓርላማ ሳይጸድቁ ቀሩ። የወላይታ ጭሰኛ ከባለመሬቱ ድርሻ የተላቀቀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በደርግ አዋጅ የሕዝብ ሲሆን ነው።