ከመስጊድ የተባረሩት ቃዲ

የረመዳን ጨረቃ በምትጠበቅበት ምሽት በየቤቱ አንድ ክርክር አይጠፋም። ሳዑዲ ታየች ተብሏል፣ እዚህ ግን ሰማዩ ደመና ነው፤ እንግዲህ እንጾማለን ወይስ እንጠብቃለን? በደረሳነቴ ዘመን ይህን ጥያቄ ይዤ ሼኻችን ዘንድ ሄጄ ነበር። መልሱን አልነገሩኝም። አንድ ወፍራም ኪታብ አውጥተው የጾሙን ምዕራፍ ገለጡና እንዳነብ አዘዙኝ። የአንዱ አገር ጨረቃ ለሌላው ትበቃለች የሚሉት ዑለሞችም፣ አትበቃም የሚሉትም ከነማስረጃቸው ተቀምጠዋል። እጅግ ለተራራቁ አገሮች ግን አንዱ በሌላው ጨረቃ እንደማይገደድ ጸሐፊው ይገልጹና አንደሉስንና ሒጃዝን በምሳሌነት ያነሳሉ። አንደሉስን ያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አገራቸው ናት።

ኪታቡ «ቢዳየቱል ሙጅተሂድ» ይባላል። ጸሐፊው ቃዲ አቡል ወሊድ ኢብኑ ሩሽድ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። አውሮፓውያን ስማቸውን አጣመው አቬሮስ ይሏቸዋል።

የተወለዱት በ520 ዓመተ ሒጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1126፣ ዛሬ ስፔን በምትባለው አገር በኮርዶባ ከተማ ነው። ቤቱ የዒልም ቤት ነበር። አያታቸው የኮርዶባ ዋና ቃዲና የታላቁ መስጊድ ኢማም ሲሆኑ፣ የልጅ ልጃቸው በተወለደበት ዓመት አረፉ። ሁለቱም አንድ ስም ስለነበራቸው የታሪክ ጸሐፊዎች አንዱን አያት፣ ሌላውን የልጅ ልጅ እያሉ ይለዩአቸዋል። አባታቸውም ቃዲ ነበሩ። ልጁ የኢማም ማሊክን ሙወጠእ በአባታቸው ፊት በቃላቸው ሐፈዙ፤ ከዚያ ፊቅህን፣ ሕክምናን፣ የከዋክብትን ትምህርትና የግሪኮችን ፍልስፍና ተማሩ። ነፍስ ካወቁ ጀምሮ ሳያነቡ ያሳለፉት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው ይባላል፤ አባታቸው የሞቱበትና እርሳቸው የተዳሩበት። ለባለቤታቸው ይህ ምን ዓይነት ኑሮ እንደነበር የጻፈ ሰው የለም።

በዚያን ጊዜ ሞሮኮንና አንደሉስን የሚገዙት ሙወሂዶች ነበሩ። ኸሊፋው አቡ የዕቁብ ዩሱፍ መጽሐፍ ወዳጅ ነበር። ሐኪሙ ኢብኑ ጡፈይል ዓሊሙን ይዞ ፊቱ ባቀረበ ጊዜ፣ ኸሊፋው ስለ ዘርና ስለ ስም ከጠየቀ በኋላ በቀጥታ ወደ አደገኛው ጥያቄ ገባ፦ ፈላስፎች ስለ ሰማይ ምን ይላሉ፣ ጥንትም የነበረ ነው ወይስ የተፈጠረ? ኢብኑ ሩሽድ ደነገጡ። ፍልስፍና ተምሬ አላውቅም ብለው ካዱ። ይህን ያወራው ራሳቸው ኋላ ለተማሪያቸው ነውና ፍርሃታቸውን አልደበቁም። ኸሊፋው ነገሩ ገብቶት ፊቱን ወደ ኢብኑ ጡፈይል አዞረና የአሪስጣጣሊስንና የሌሎቹን ሐሳብ፣ የሙስሊም ዑለሞችንም መልስ ራሱ ይዘረዝር ጀመር። በዚህ ጊዜ ልባቸው ተረጋግቶ ያላቸውን ተናገሩ። ሲወጡ ገንዘብ፣ ካባና መጋለቢያ ከብት ተሸለሙ። የአሪስጣጣሊስን መጻሕፍት ሰው እንዲረዳቸው አድርገው የማብራራት ሥራም የመጣላቸው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1169 የሴቪል ቃዲ ሆኑ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የኮርዶባ። በ1182 ኢብኑ ጡፈይልን ተክተው የኸሊፋው ሐኪም ሆኑ፤ ወዲያውም በአያታቸው ወንበር ላይ የኮርዶባ ዋና ቃዲ ሆነው ተቀመጡ። ቀን የሰው ሙግት እየሰሙ ሌሊት ይጽፉ ነበር። ሕክምናን የሚመለከተው ትልቁ መጽሐፋቸው «ኩሊያት» ይባላል። የፕላቶን መጽሐፍ ሲያብራሩ ስለ ሴቶች ያነሱት ሐሳብ ደግሞ ለዘመኑ እንግዳ ነው፦ በአገራቸው ሴቶች ለመውለድና ለማጥባት ብቻ ስለተተዉ ችሎታቸው አልታወቀም፤ ለከተሞቹ ድህነት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው ይላሉ።

ኢማም ገዛሊ ፈላስፎችን ተችተው ለጻፉት መጽሐፍ ኢብኑ ሩሽድ የመልስ መጽሐፍ ጽፈዋል። ብዙ ዑለሞች በዚህ አልተከተሏቸውም፤ እኔም ልቤ ወደ ገዛሊ የሚያጋድልባቸው ቦታዎች አሉ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ የገዛሊን የኡሱል ኪታብ አሳጥረው ለተማሪ ያዘጋጁት እኚሁ ኢብኑ ሩሽድ ናቸው። በአንድ ጉዳይ የሞገቱትን ሰው በሌላው ጉዳይ ተማሩበት።

በ1184 አቡ የዕቁብ ከፖርቱጋል ዘመቻ ቆስሎ ሞተና ልጁ አል-መንሱር ነገሠ። እርሱም መጀመሪያ ላይ ቃዲውን አጠገቡ እያስቀመጠ ያከብራቸው ነበር። በ1195 ግን ከካስቲል ንጉሥ ከስምንተኛው አልፎንሶ ጋር ጦርነት መጣ፤ በሐምሌ ወር አል-አረክ በተባለው ስፍራ ሙስሊሞቹ ድል አደረጉ። በዚያው ዓመት ኢብኑ ሩሽድ ተከሰሱ። ስለ ምክንያቱ የሚባለው ብዙ ነው። በአንድ መጽሐፋቸው ቀጭኔን በበርበሮች ንጉሥ ዘንድ አየሁ ብለው፣ ማዕረጉን አጉድለው በመጻፋቸው ኸሊፋው ተቀየመ የሚል አለ። የበዙት የታሪክ ሰዎች የሚያመዝኑት ግን ወደ ሌላው ነው፦ ለጦርነት ሕዝቡንና የፊቅህ ሰዎችን ከጎኑ ማሰለፍ የፈለገ ገዢ፣ እነርሱ የማይወዱትን ሰው አሳልፎ ሰጠ። በልቡ የፍልስፍና ጠላት አልነበረምና ይህ ለእኔ ከቀጭኔው ይልቅ ያሳምነኛል።

የፍልስፍና መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ታዘዘ፤ ሕክምና፣ ሒሳብና የሶላት ሰዓት የሚታወቅበት የከዋክብት ትምህርት ብቻ ተማሩ። ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉት ሽማግሌ ከኮርዶባ ደቡብ ወዳለችው፣ በፊት አይሁድ ይበዙባት ወደነበረችው ወደ ሉሴና ተጋዙ።

ከደረሰባቸው ሁሉ የከፋውን ራሳቸው ተናግረውታል። መጽሐፋቸው መቃጠሉ አይደለም፣ ወንበራቸውን ማጣታቸውም አይደለም። አንድ ቀን ከልጃቸው ከዐብደላህ ጋር የዐስር ሶላት ሊሰግዱ ኮርዶባ ውስጥ ወደ አንድ መስጊድ ገቡ። የተሰበሰበው ሰው ተነሳባቸውና አባትና ልጅን አስወጣቸው። አያታቸው ኢማም በነበሩባት ከተማ፣ ስለ ሶላት ሕግ የአራቱን መዝሀብ ቃል ሰብስበው የጻፉት ሰው ከሰፍ ተባረሩ። ያስወጧቸው ሰዎች ለዲን የቆሙ መስሏቸው ነበር።

እስራቱ ሦስት ዓመት አልሞላም። ኸሊፋው ማራካሽ ሲመለስ ትእዛዙን ሽሮ ወደ ቤተ መንግሥቱ ጠራቸው። ግን ብዙ አልቆዩም፤ በታኅሣሥ 1198 አረፉ። ከሦስት ወር በኋላ አስከሬናቸው ወደ ኮርዶባ፣ ወደ ቤተሰባቸው መቃብር ተወሰደ። በዚያ ጊዜ ወጣት የነበሩት ሼህ ኢብኑ ዐረቢ ጉዞውን በዓይናቸው አይተዋል፦ በጋማ ከብቷ አንድ ጎን ሬሳው፣ ሚዛን እንዲጠብቅ በሌላው ጎን የጻፏቸው ኪታቦች ተጭነው ነበር።

ኪታቦቹ ከዚያም አልፈው ተጓዙ። የአይሁድ ሊቃውንት ወደ ዕብራይስጥ፣ ማይክል ስኮት የተባለው ሰውና መሰሎቹ ወደ ላቲን መለሷቸው፤ የዐረብኛው ቅጂ የጠፋ ብዙ ሥራ ዛሬ የሚነበበው በእነዚህ ትርጉሞች ነው። በፓሪስ ትምህርት ቤቶች አሪስጣጣሊስን ያብራራው ሰው ሲባል ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር፤ ኢብኑ ሩሽድ መሆናቸው ይታወቃል። ቶማስ አኩዊናስ በአንድ በኩል እየተማረባቸው በሌላ በኩል ተከራከራቸው። የኮርዶባው ነገርም እዚያ ተደገመ፤ በ1277 የፓሪሱ ጳጳስ 219 ሐሳቦችን አውግዞ ከለከለ፤ ከእነዚያም ውስጥ በእርሳቸው ተከታዮች ላይ ያነጣጠሩ ነበሩ።

«ቢዳየህ» ግን በዐረብኛው እንዳለ ቆየ። አብዛኛውን በ1168 ገደማ ጽፈው የሐጅን ምዕራፍ ሳይጨምሩ ትተውት ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሰው ሞሉት። ያ የሼኻችን ቅጂ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። የሐጁ ምዕራፍ ገጾች ንጹሕ ናቸው፤ የጾሙ ግን፣ ጨረቃዋ ካለችበት ጀምሮ፣ በደረሶች ጣት ብዛት ጠርዛቸው ጠቁሯል።