ቅዱስ ጴጥሮስ ክላቬርና አስተርጓሚዎቹ

ጴጥሮስ ክላቬር እ.ኤ.አ. በ1580 በስፔን አገር፥ በካታሎኒያ ግዛት፥ ቬርዱ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ1602 ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገባ። በማዮርካ ደሴት ሲማር የኮሌጁ በረኛ የነበረው አረጋዊው ወንድም አልፎንሶ ሮድሪገስ ወደ አዲሱ ዓለም እንዲሄድ አጥብቆ መከረው። በ1610 ባሕር ተሻገረ፤ በ1616 ዛሬ ኮሎምቢያ በምትባለው አገር፥ በካርታሄና ከተማ ማዕረገ ክህነትን ተቀበለ።

ካርታሄና የስፔን መንግሥት ለባሪያ ንግድ ከፈቀዳቸው ጥቂት ወደቦች አንዷ ነበረች። ከጊኒ ጠረፍና ከአንጎላ የተጫኑ ሰዎች በመርከቡ ሆድ ታጉረው ሳምንታት ከተጓዙ በኋላ በዚያ ይራገፉ ነበር። ብዙዎቹ ገላቸው ቀልጦ ዘይት የሚወጣበት መስሏቸው በፍርሃት ይንቀጠቀጡ ነበር። ክላቬር መርከብ መግባቱን በሰማ ቁጥር ዳቦ፥ ሎሚና ትምባሆ አስይዞ ይወርዳል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን አስተርጓሚዎቹን ይዞ ይወርዳል። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚያረጋጋቸው ሰው ማግኘት ለእነዚያ ምስኪኖች ከዳቦው የበለጠ ሳይሆን አልቀረም።

አስተርጓሚዎቹም ባሪያዎች፥ ያውም የኢየሱሳውያኑ ኮሌጅ ንብረት ነበሩ። ይህን መሸሸግ አይገባም። ከእነርሱ አንዱ፥ የአንጎላው ተወላጅ አንድሬስ ሳካቡቼ፥ ስለ ክላቬር ቅድስና በተደረገው ምርመራ ቀርቦ ምስክርነት ሰጥቷል። ስለ ቅዱሱ ከምናውቀው ብዙው በእርሱና በባልንጀሮቹ አንደበት የደረሰን ነው።

ክላቬር በ1622 የመጨረሻውን መሐላ ሲፈጽም ከፊርማው ጋር ራሱን የኢትዮጵያውያን የዘወትር ባሪያ ብሎ ሰየመ። በዚያ ዘመን ላቲን ኢትዮጵያዊ የሚለው ስም ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሚሰጥ እንጂ የእኛን አገር ሰው ብቻ የሚያመለክት አልነበረም። ይሁን እንጂ ክላቬር ንግዱ ራሱ ይቅር ብሎ በአደባባይ አልተሟገተም። ያን ለማለት የደፈሩት ኋላ፥ በ1681፥ በሃቫና ባሪያዎች ነፃ ይውጡ፥ የድካማቸውም ዋጋ ይከፈላቸው ብለው ሰብከው የታሰሩት ሁለት የካፑቺን ካህናት፥ ፍራንሲስኮ ሆሴ ዴ ሃካና ኤፒፋንዮ ዴ ሙዋራን ናቸው።

በ1650 ወረርሽኝ ከተማይቱን ሲመታ ክላቬርም ታመመ፤ እጆቹ እየተንቀጠቀጡ አራት ዓመት ያህል በክፍሉ ተኛ። እንዲያስታምመው የተመደበው ሰው ምግቡን እየከለከለ ያንገላታው ነበር፤ እርሱ ግን አላማረረም። መስከረም 8 ቀን 1654 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በጥር 1888 ከዚያው ከማዮርካው በረኛ ጋር ቅድስናውን አወጁ። ብራዚል ባሪያዎቿን ነፃ ያወጣችው በዚያው ዓመት በግንቦት ነው።