ኢያን ዶናልድ እና ያረጡ ሴቶች የማሕፀን ፈሳሽ

በሰቆጣም ሆነ በግላስጎው፣ ያረጡ ሴቶች ማሕፀን ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙ በአብዛኛው የሚታወቀው ለሌላ ምክንያት በታዘዘ የአልትራሳውንድ ምርመራ ነው። ይህን ምርመራ ለማሕፀን ሕክምና ያበቁት ሐኪም ኢያን ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1910 በእንግሊዝ አገር በኮርንዋል ተወለዱ። በደቡብ አፍሪካ ተምረው ወደ ለንደን ከተመለሱ በኋላ በ1937 በሕክምና ተመረቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል ሲያገለግሉ የራዳርንና የሶናርን አሠራር ቀረብ ብለው አወቁ። በ1954 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ።

በሐምሌ 1955 በቀዶ ሕክምና የወጡ የማሕፀን ዕጢዎችንና ውሃ የቋጠረ የኦቫሪ እብጠት በመኪና ጭነው ሬንፍሩ ወደሚገኝ የእንፋሎት ማሞቂያ ፋብሪካ ሄዱ። ፋብሪካው በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ የሚፈልግበት የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ነበረው። ለማነጻጸሪያ የቀረበው የበሬ ሥጋ መሆኑ ዛሬ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ ዘዴው ግን ትክክል ነበር። ጥጥር አካል ሞገዱን እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ያስተጋባል፤ በንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ግን ሞገዱ ያለ ማሚቶ ያልፋል። ሁለቱ በመሣሪያው ላይ ተለይተው ታዩ።

የልዩነቱ ዋጋ ብዙም ሳይቆይ በሰው ሕይወት ተመዘነ። አንዲት ሴት የማይድን የሆድ ዕቃ ካንሰር አለባት ተብሎ ተስፋ ተቆርጦባት ነበር። ዶናልድ በአልትራሳውንድ ሲመረምሯት ያገኙት ግን ትልቅ፣ ውሃ የቋጠረ የኦቫሪ እብጠት ነበር፤ እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሴቲቱ ዳነች። በ1958 ከጆን ማክቪካርና ከመሐንዲሱ ቶም ብራውን ጋር በላንሴት መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ የዘርፉ መነሻ ሆነ። በ1963 ደግሞ የሞላ የሽንት ፊኛ ለሞገዱ እንደ መስኮት እንደሚያገለግልና ከጀርባው ያለው ማሕፀን ጥርት ብሎ እንደሚታይ ተገነዘቡ። በእኔ እይታ ከመሣሪያው ያላነሰ ግኝት ይህ ነው፤ የሚጠይቀው ውሃ መጠጣት ብቻ ነውና።

የልብ ሕመም ደጋግሞ ለቀዶ ሕክምና ቢዳርጋቸውም እስከ 1976 በሥራ ላይ ቆዩ፤ በ1987 ዐረፉ።

እርሳቸው ያስጀመሩት ምስል ግን አንባቢ ይፈልጋል። ካረጡ በኋላ የማሕፀን በር ስለሚጠብ ጥቂት ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ሊቀር ይችላል። ውስጠኛው ሽፋን ስስ ከሆነና ደም ካልታየ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም። ሽፋኑ ከነፈሳሹ ከተለካ ግን ስሱ ወፍራም መስሎ ካንሰር ያስጠረጥራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ገጾች ለየብቻ ተለክተው ይደመራሉ። ከዝቋላ ወይም ከደሃና ተነሥታ ሰቆጣ ለደረሰች እናት ይህ የሚሊሜትር ጉዳይ ወደ ሩቅ ከተማ በመላክና ወደ ቤቷ በመመለስ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ካረጠች በኋላ ደም የሚፈስሳት ሴት ግን ፈሳሹ ጥቂት ነው ተብሎ ብቻ ልትሰናበት አይገባም፤ ሽፋኑ የወፈረባት ወይም ፈሳሹ መግል የሆነባትም እንዲሁ።