ኤድዋርድ ትሬቸር ኮሊንስ፦ ከዓይን ቆብ እስከ ኒውክሊዮለስ

እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ኤድዋርድ ትሬቸር ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1862 ከሐኪም አባት ተወለዱ። በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሕክምናን ከተማሩ በኋላ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን በሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል አሳለፉ። በዚያም በበሽታ የተጎዱ ዓይኖችን በማይክሮስኮፕ እየመረመሩ የዓይንን አፈጣጠርና ሕመም አጠኑ፤ የምርምራቸውን ውጤትም በ1896 በመጽሐፍ አሳተሙ። ዝናቸው ከአገራቸው አልፎ ስለ ነበር በ1894 የንጉሡን ልጅ ለማከም ወደ ፋርስ ተጠርተው ሄደዋል።

ስማቸውን ለትውልድ ያቆየው ግን በ1900 ያቀረቡት አጭር ዘገባ ነው። ዘገባው በታችኛው የዓይን ቆባቸው ላይ ስንጥቅ የነበረባቸውንና የጉንጭ አጥንታቸው በሚገባ ያላደገ ሁለት ሕሙማንን የሚገልጽ ነበር። በዚያው ዓመት የሜንደል የውርስ ሕጎች ከተረሱበት ተነሥተው እንደ አዲስ ታወቁ። ይሁን እንጂ ሁለቱን ግኝቶች የሚያገናኝ ዕውቀት ገና ስላልነበረ ኮሊንስ የሕመሙን ምንጭ ሳያውቁ በ1932 ዐረፉ።

ምንጩ የተገኘው በ1996 ነው። በአምስተኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው ቲሲኦኤፍ1 የተባለ ዘረመል ትሪክል የሚባለውን የኒውክሊዮለስ ፕሮቲን ያስገኛል። ይህ ፕሮቲን ለራይቦዞም ግንባታ የሚያስፈልገው አርኤንኤ እንዲመረት ያግዛል። ከዘረመሉ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ሲበላሽ የፕሮቲኑ መጠን ያንሳል። በሽል ውስጥ የፊትን አጥንት የሚሠሩት ሕዋሳት በፍጥነት ስለሚባዙ ብዙ ራይቦዞም ይሻሉ፤ እጥረቱ ሲደርስባቸው ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ይነቃና ሕዋሳቱ ይሞታሉ። በ2008 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ፒ53ን መግታት የፊትን ጉድለት መከላከል ችሏል። ሆኖም ፒ53 ሰውነትን ከካንሰር የሚጠብቅ በመሆኑ መንገዱ በቀላሉ ወደ ሕክምና የሚሸጋገር አይደለም። በ2011 ደግሞ በራይቦዞም አርኤንኤ ምርት የሚሳተፉ ሌሎች ሁለት ዘረመሎች ተመሳሳይ ሕመም እንደሚያስከትሉ ታወቀ።

ዕውቀቱ ለቤተሰብ ያለው ፋይዳ ከፍተኛ ነው። ከሕሙማኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለውጡን ከወላጆቻቸው አልወረሱም፤ ለውጡ በእነርሱ የጀመረ ነው። ስለዚህ እናትን ወይም አባትን ጥፋተኛ ማድረግ መሠረት የለውም። የልጆቹ አእምሮ አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ሲሆን የንግግርና የትምህርት መዘግየት የሚመጣው በአመዛኙ ካልታወቀ የመስማት ችግር ነው። ከልደት በኋላ ወዲያውኑ አተነፋፈስንና መስማትን መመርመር የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። ኮሊንስ በዓይን ቆብ ላይ ያስተዋሉት ምልክት ዛሬም ሐኪምን ወደዚህ ምርመራ ይመራል።