ስለ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትና ስለ ጨርጨር ተክል

ተክል ማለት ከምድር በቅሎ፣ ሥር ሰድዶ፣ በጊዜው ፍሬ የሚሰጥ ነው። አባቶቻችን ለልጆቻቸው ስም ሲያወጡ ይህን ቃል እጅግ ይወዱታል፤ ተክለ ሃይማኖት፣ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሚካኤል እያሉ ይጠሩበታል። አሁን ታሪካቸውን የምንነግራችሁም ሰው ስማቸው የሐዋርያት ተክል፣ የአባታቸውም ስም የማርያም ተክል ማለት ነበረ። ስም ግን ብቻውን ሰውን አያስከብርም። የሚያስከብረው በስሙ ልክ የተሠራ ሥራ ነው።

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር በሚባል ስፍራ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር መጥተው በልዑል ራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ ዐድዋ በዘመተ ጊዜም ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ከጌታቸው ጋራ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ራስ መኰንን ትምህርት እንዲማሩ ወደ መስኮብ አገር ሰደዷቸው፤ ይኸውም ዛሬ ሩሲያ የምንለው ነው። በዚያም በጴጥሮስ ከተማ ብዙ ዓመት ተቀምጠው ከመድፈኞች ትምህርት ቤት ገቡ፤ የመድፍን ሥራና የጦርን ሥርዓት ተማሩ።

በዚያን ዘመን ወታደርነት የክብር ሁሉ በር ነበረ። የመድፍን ትምህርት የተማረ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል የሚል ብዙ ነበረ። ተክለ ሐዋርያት ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ከቈዩ በኋላ ዳግመኛ ወደ አውሮጳ ተሻግረው የእርሻን ትምህርት አጠኑ። ይህን ነገር ልብ አድርጉት። እርሻ ያልተማረ ሰው ሥራ ነው፤ የተማረ ሰው እጁን ከአፈር አያገባም የሚሉ ሰዎች ያን ጊዜም ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። እርሳቸው ግን መድፍ ድንበር ሲጠብቅ በድንበሩ ውስጥ ያለውን ሕዝብ የሚመግበው ማረሻ መሆኑን አስተዋሉ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በልዩ ልዩ ሹመት አገለገሉ።  በ1913 ዓ.ም. ገደማም በአማርኛ ቋንቋ የመጀመሪያ የሆነውን ተውኔት ጻፉ፤ ስሙም ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ ይባላል። በእንስሳት ምሳሌ የሹማምንትን ጕድለት ስለሚያሳይ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ቃላቸው በተከለከለ ጊዜ ግን እጃቸው አልተከለከለም። ጥቂት ዓመት ቈይተው የጨርጨር አገር ገዥ ሆነው ተሾሙ።

ጨርጨር ዛሬ ምዕራብ ሐረርጌ በሚባለው አገር የሚገኝ ተራራማ ምድር ነው። በሰሜን በኩል ቍልቍል ወደ ሚኤሶ ቢወርዱ ሐሩር ያለበት ቈላ ነው፤ ወደ ተራራው ራስ ቢወጡ ደግሞ ውርጭ ያለበት ደጋ ነው። በመካከሉ ግን ብርዱም ሙቀቱም የማይበረታበት ለስላሳ ወይና ደጋ አለ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በዚህ ወይና ደጋ ላይ አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ከተማ መሠረቱ። አገሩንም በሥርዓት ለማስተዳደርና ለሌላው አውራጃ ምሳሌ ለማድረግ ደከሙ። ሕዝቡም ቡና እንዲተክል አብዝተው አተጉት።

ተክል በእርሳቸው ተጀመረ አንልም፤ እንዲህ ብንል ሐሰት ይሆንብናል። የሐረር ቡና እርሳቸው ሳይወለዱ በፊት በባሕር ማዶ ገበያ የታወቀ ነበረ። ቡናም ራሱ መጀመሪያ የበቀለው በአገራችን በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ጫካ ነው። በጨርጨርም የሚኖረው የኢቱ ኦሮሞ ገበሬ ማሽላውን በየትኛው ዝናብ እንደሚዘራ ከአባቶቹ ተምሮ ያውቃል። የጥሩ ገዥ ሥራ ገበሬው የሚያውቀውን ንቆ መጣል አይደለም፤ ገበሬው በሚያውቀው ላይ መጨመር ነው እንጂ።

ቡና የሚተክል ሰው ወራትን ማወቅ ይገባዋል። ዘሩን ጥላ ባለበት መደብ ያፈላል፤ ችግኙ እስኪጠነክር ድረስ ውሃ እያጠጣ ይጠብቀዋል። በበጋ ጕድጓዱን ቈፍሮ አፈሩን ፀሐይ እንዲመታው ይተወዋል፤ የክረምት ዝናብ ሲጸና ችግኙን ያዛውራል። ከዚያም ሦስት ወይም አራት ዓመት ያህል ያለ ፍሬ ይኰተኵታል። ጊዜው ሲደርስ የበልግ ዝናብ ጠብ ባለ በጥቂት ቀን ውስጥ ዛፉ ሁሉ ነጭ አበባ ይለብሳል፤ መዓዛውም ከሩቅ ይሸታል። አበባው በጥቂት ቀን ይረግፋል፤ ፍሬው ግን ቀስ ብሎ ሲያድግ ክረምቱን ያልፋል፤ ከመስከረም በኋላ ቀልቶ ይለቀማል። በሐረርጌ ልማድም ከነገለባው በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል።

ቡና ብቻውን አይኖርም፤ ጥላ የሚሆነው ዛፍ ያሻዋል። ስለዚህ የአገሩ ገበሬ ዋንዛውንና ግራሩን በቡናው መካከል ይተዋል። ዋንዛ ቅጠሉ ረግፎ አፈሩን ያለማል፤ ፍሬው ለልጅና ለወፍ ምግብ ነው፤ ግንዱም በሸመገለ ጊዜ በርና ወንበር ይሆናል። በተራራው ወገብ ላይ ደግሞ ድንጋይ ደርድሮ እርከን የሚሠራ ገበሬ አለ፤ አለዚያ ጐርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ቈላው ይወስድበታል። ዛፍ፣ እርከንና ቡና እንደ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ይቸገራሉ።

ከጨርጨር ሹመት በኋላ ተክለ ሐዋርያት ወደ ከፍተኛ ሥራ ተጠሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በይበልጥ እርሳቸው ናቸው። በጅሮንድ ተብለውም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ ከዚያም ወደ አውሮጳ ተልከው በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራከሩ። ነገር ግን ያ ማኅበር ኢትዮጵያን አላዳናትም። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር እንዳይወጡ የሚሹ ሆነው ሳለ ምክራቸው አልጸናም። እርሳቸውም ከአገር ወጡ፤ በጅቡቲ፣ በኤደን፣ በኋላም በማዳጋስካር ደሴት ሀያ ዓመት ያህል በስደት ኖሩ። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስም እርሳቸው ወዲያው አልተመለሱም። ሥሩ ከምድር የተነቀለ ተክል ምን ያህል እንደሚደርቅ ስደተኛ ያውቀዋል።

በሸመገሉ ጊዜ ወደ አገራቸው ገቡ። እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ሹመት ቢፈልግ አያፍርበትም ነበረ። እርሳቸው ግን የቤተ መንግሥትን ደጅ ከመጥናት ይልቅ ከአሰበ ተፈሪ በስተ ምሥራቅ ባለችው በሂርና ተቀምጠው ገበሬ ሆኑ። ለነገሥታት ሕግ ያረቀቀ እጅ መኰትኰቻ ያዘ። በዚህም ትልቅ ትምህርት አለ። ሹመት ሰጪው ሲወድ ይሰጣል፣ ሲቈጣ ይነሣል፤ እርሻን የሚያውቅ ሰው ግን ምድር ባለችበት ሁሉ ሥራ አያጣም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ይሁን የሚል ዐዋጅ ወጣ፤ በአገሩ ሁሉ የባለ ርስትነት ስም ቀረ። ተክለ ሐዋርያትም ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ኖረው በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. ዘጠና ሁለት ዓመት አልፏቸው ዐረፉ። የመሠረቷት ከተማም ዛሬ ጭሮ ትባላለች። በእጃቸው የጻፉት የሕይወታቸው ታሪክ እንኳ ታትሞ የወጣው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እንግዲህ ሹመቱ አለፈ፣ ርስቱ አለፈ፣ የከተማይቱም የቀድሞ ስም አለፈ። በጨርጨር ተራራ ላይ ግን ቡናው ዛሬም በበልግ ያብባል፤ ለቃሚውም ተካዩ ማን እንደ ነበረ ሳይጠይቅ ይለቅማል።

ልጆች ሆይ፣ በዘመናችን በዚሁ ምድር ቡናው እየተነቀለ ጫት የሚተከልበት ስፍራ በዝቷል። ጫት በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ስለሚቈረጥ ገንዘቡ ቶሎ ይመጣል፤ ልጆቹ የሚራቡበትን ገበሬ በዚህ ምክንያት ልንሰድበው አይገባም። ነገር ግን ቶሎ የሚገኝ ሁሉ ጥሩ እንዳይደለ፣ የሚዘገይም ሁሉ ከንቱ እንዳይደለ ዕወቁ። ጫቱን የሚቅመው ወጣት ቀኑን ተቀምጦ ሲያሳልፍ የነገው እርከን ሳይሠራ ይቀራል። እናንተ በትምህርት ቤታችሁ ግቢም ቢሆን፣ በአባታችሁም ጓሮ ቢሆን፣ ክረምት ሲገባ አንዳንድ የዋንዛ ወይም የቡና ችግኝ ትከሉ። ፍሬውን እናንተ ባትበሉት ሌላ ሰው ይበላዋል። ትምህርታችሁም ሲያድግ ከአፈር የሚለያችሁ አይሁን፤ አፈሩን የምታውቁበት ይሁን።