ዴቪድ ኬይሊን፣ የመተንፈሻው ሰንሰለት እና ሥራው ያልታወቀው ሰማያዊ ፕሮቲን

ዴቪድ ኬይሊን በሥነ ሕይወት ተማሪዎች ዘንድ የሚታወቀው በሳይቶክሮም ነው። ማይቶኮንድሪያ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን እንዴት እንደሚያመነጭና እንደሚቆጣጠር በሚያወሱ ጽሑፎች ግን ስሙ ብዙም አይነሣም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን ከዚህ ወገን ይመለከታል።

ኬይሊን እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ከፖላንዳውያን አይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ያደገው በዋርሶ ነው። ሕክምና ሊማር ወደ ሊዬዥ ሄዶ፣ በኋላ በፓሪስ ወደ ሥነ ሕይወት አዘነበለ። አስም አልተለየውም። በ1915 ወደ ካምብሪጅ ተሻገረ፤ በ1931 የሞልቴኖ ተቋም ዳይሬክተር ሆነ።

ሙያው የጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት ነበር። በፈረስ ጨጓራ ውስጥ የሚያድግ የዝንብ እጭ ሄሞግሎቢን አለው፤ ኬይሊን ይህ ሄሞግሎቢን እጩ ክንፍ ካወጣ በኋላ ወዴት እንደሚደርስ ይመረምር ነበር። የበራሪውን ዝንብ የደረት ጡንቻ በስፔክትሮስኮፕ ሲያይ ከሄሞግሎቢን የተለዩ አራት ጥቁር መስመሮች አገኘ። እነዚያኑ መስመሮች በእርሾም አያቸው። የእርሾውን ብጥብጥ ከአየር ጋር ሲንጠው መስመሮቹ ይጠፋሉ፤ እርሾው ኦክስጅኑን ሲጨርስ ተመልሰው ይታያሉ። ቀለሙ ኤሌክትሮን ሲሰጥና ሲቀበል በሕያው ሕዋስ ውስጥ፣ ያውም በዓይን፣ ታየ ማለት ነው። በ1925 ሳይቶክሮም ብሎ ሰየመው፤ አንድ ሳይሆን ኤ፣ ቢ እና ሲ የተባሉ ሦስት አካላት እንዳሉትም አሳየ። ከእርሱ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ማክሙን የተባለ ሐኪም ይህንኑ ቀለም አይቶ፣ በሆፔ ዛይለር ተቃውሞ ግኝቱ ተዘንግቶ ነበር። ኬይሊን የቀዳሚውን ድርሻ ሳይሸሽግ መዘገበ፤ ይህን ማድረግ ግዴታው ነበር ቢባልም፣ ሁሉም ተመራማሪ የሚወጣው ግዴታ አይደለም።

ከሃርትሪ ጋር ባደረገው ቀጣይ ጥናት ኤሌክትሮኖች በሳይቶክሮሞች በኩል ወደ ኦክስጅን የሚደርሱበት መንገድ እየጠራ መጣ። በሰንሰለቱ ጫፍ ያለው ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ ለአንድ የኦክስጅን ሞለኪውል አራት ኤሌክትሮኖች ሰጥቶ ውኃ ያደርገዋል፤ በመካከል የሚፈጠረውንም አጥብቆ ይይዛል። አደጋው ከዚያ በፊት ነው። በተለይ በኮምፕሌክስ 1 እና በኮምፕሌክስ 3 አንድ ኤሌክትሮን አፈትልኮ ኦክስጅንን ቢያገኝ ሱፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። በኬይሊን ዘመን ግን ሰንሰለቱ ያፈሳል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር በ1938 የሆነው ነው። ኬይሊን ከማን ጋር ከቀንድ ከብት ቀይ የደም ሕዋሳት መዳብ ያለበት ሰማያዊ ፕሮቲን አጥርቶ አወጣ፤ ሄሞኩፕሬን ተባለ። የኢንዛይም ሥራ ግን አልተገኘለትም። ተመራማሪዎቹን በቸልተኝነት መውቀስ አይገባም፤ ፕሮቲኑ የሚያጠፋው ነገር በሕዋስ ውስጥ ለመኖሩ ማስረጃ አልነበረምና። ፕሮቲኑ ለሠላሳ ዓመታት ያህል መዳብ አከማች እየተባለ ቆየ።

ኬይሊን በ1963 ዐረፈ። በ1969 ማኮርድና ፍሪዶቪች ያ ሰማያዊ ፕሮቲን ሱፐርኦክሳይድን ወደ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚለውጥ ኢንዛይም መሆኑን አሳዩ፤ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የተባለውም ይኸው ነው። የለኩበት መንገድ ልብ ይሏል፦ ሱፐርኦክሳይድ ኤሌክትሮኑን ለሳይቶክሮም ሲ ሲሰጥ ቀለሙ ይለወጣል፤ ኢንዛይሙ ሲጨመር ለውጡ ይገታል። ስለዚህ ኬይሊን ያጠናው አንዱ ፕሮቲን፣ ኬይሊን ያጠራውን የሌላውን ፕሮቲን ሥራ ገለጠ።

በማይቶኮንድሪያ ማትሪክስ ውስጥ ያለው ዲስሚውቴዝ ማንጋኒዝ ያለበት ሌላ ፕሮቲን ነው፤ የሚያመርተውን ፐርኦክሳይድ ደግሞ ፐርኦክሲሬዶክሲንና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ወደ ውኃ ይለውጡታል። የመዳቡ ዓይነት የሚገኘው በሳይቶፕላዝምና በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ባለው ክፍተት ነው። ሳይቶክሮም ሲም የሚመላለሰው በዚያው ክፍተት ውስጥ ነው፤ ከሱፐርኦክሳይድ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ሰንሰለቱ ጫፍ ሊያደርሰውም ይችላል።