ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስና የሰናፌው ጠመንጃ

በሰፊው ዓለም ብዙ ሰዎች ትርፍ ጊዜያቸውን ከሚያሳልፉባቸው ነገሮች አንዱ የጥንት የጦር ጠመንጃ መሰብሰብ ነው። አንዱ ቴምብር፣ ሌላው የቀድሞ ነገሥታትን ገንዘብ እንደሚያከማች ሁሉ፣ እነዚህም ከጦር ሜዳ የተረፈውን አሮጌ መሣሪያ እየፈለጉ ይገዛሉ፤ ዝገቱን ጠርገው፣ እንጨቱን በዘይት ወልውለው በክብር ያስቀምጡታል። በብረቱ ላይ የተመታውን ማኅተም፣ በሰደፉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እየመረመሩ፣ በየትኛው አገርና በየትኛው ዓመት እንደ ተሠራ ለይተው ያውቃሉ።

ይሁን እንጂ የአንድ ጠመንጃ ታሪክ የተሠራበት ዓመት ብቻ አይደለም። ማን ታጠቀው? በማን ላይ ተተኮሰ? በመተኮሱስ ምን ተለወጠ? ይህን ጥያቄ ከኢትዮጵያ ነገሥታት ሁሉ ይልቅ አጥብቆ የሚያስነሣ ሕይወት ቢኖር፣ ከሰቆጣ ተነሥተው የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ የደፉት የዋግሹም ጎበዜ ሕይወት ነው። የእርሳቸውን ዘውድ የወሰደው ባለቤቱ ወደ አገሩ ሊመልሰው ያልፈለገው፣ በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት ጠመንጃ ነበረና። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ዋግ የአገው አገር ነው። ሕዝቡ ኽምጥኛ ይናገራል፤ ምድሩ ተራራና ገደል የበዛበት፣ በተከዜና በገባሮቹ ሸለቆዎች የተከፋፈለ ደጋና ቆላ ነው። ርእሰ ከተማው ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የጨው ገበያ ነበረ። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ በግመልና በአህያ እየተጫነ ወደዚህ ይደርስ፣ ከዚህም ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ሌላውም አገር ይከፋፈል ነበር። የአገሩ ገዥዎች ዋግሹም ይባሉ ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው፣ የዛጔ ነገሥታት በ13ኛው መቶ ዓመት ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲለቁ፣ ዋግ ለልጅ ልጆቻቸው ርስት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዋግሹሞች ከሌሎቹ መኳንንት የተለየ ክብር ነበራቸው።

ጎበዜ የተወለዱት ከዚህ ቤት ነው። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ አይቸሽ ተድላም ከላስታ መሳፍንት ወገን ሲሆኑ፣ ትውልዳቸውን ወደ ሰሎሞናዊው ዘር ይቈጥሩ ነበር። እንግዲህ በአባታቸው የዛጔ፣ በእናታቸው የሰሎሞን ልጅ ነኝ ለማለት የሚችሉ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዐፄ ቴዎድሮስ የመሳፍንቱን ዘመን ሽረው አገሪቱን አንድ ለማድረግ በተነሡ ጊዜ፣ የዋግን ቤት የደረሰበት መከራ ከባድ ነው። ዋግሹም ገብረ መድኅን በንጉሡ ትእዛዝ በሞት ተቀጡ። ልጃቸው ጎበዜም የአባታቸውን ደም በልባቸው ይዘው ቆይተው፣ የቴዎድሮስ ኃይል እየደከመ ሲሄድ በዋግና በላስታ ሸፈቱ። ብዙ ሰው ተከተላቸው። ተቀናቃኛቸውን የወልቃይቱን ጢሶ ጎበዜን ድል ነሥተው ሰሜኑን እየጠቀለሉ ሄዱ። እንግሊዞች በ1860 እስረኞቻቸውን ለማስፈታት በዙላ ወደብ በወረዱ ጊዜ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ሁለት ታላላቅ ባላባቶች ነበሩ፤ አንዱ የዋጉ ጎበዜ፣ ሁለተኛው የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ። ሁለቱም በጋብቻ የተሳሰሩ ነበሩ፤ የካሣ እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫ የዋግሹም ጎበዜ ሚስት ነበሩና።

የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ የሚሄድበት መንገድ በሁለቱም አገር የሚያልፍ ነበር። ከሰናፌ እስከ እንጣሎ የካሣን ግዛት፣ ከአሸንጌ ሐይቅ ወዲህ ደግሞ የጎበዜን ግዛት መርገጥ ነበረበት። ሁለቱም ባላባቶች የቴዎድሮስ ጠላቶች ስለ ሆኑ መንገዱን አልዘጉበትም፤ ሕዝባቸውም ለሠራዊቱ እህልና ገለባ ይሸጥ ነበር። ዳሩ ግን ልዩነት ነበረ። ደጃዝማች ካሣ በየካቲት ወር በሐውዜን አጠገብ ናፒየርን በአካል አግኝተው ተነጋገሩ። ዋግሹም ጎበዜ ግን አጎታቸውን መሸሻ ተድላን ላኩ እንጂ፣ እርሳቸው ራሳቸው ከጄኔራሉ ጋር ሳይተያዩ ቀሩ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞችም አምባውን አቃጥለው፣ የመጡበትን መንገድ ተከትለው ወደ ባሕር ተመለሱ። በግንቦት ወር ሰናፌ ላይ ሲደርሱ፣ ለደጃዝማች ካሣ የውለታ መክፈያ ሰጡ። ስጦታው 12 መድፎች፣ ከ800 የሚበልጡ ጠመንጃዎች፣ ብዙ ባሩድና በመቶ ሺህ የሚቆጠር ጥይት ነበር። ጎበዜም መንገድ የሰጡ ናቸው፤ ነገር ግን የእርሳቸው አገር ከባሕር የራቀ ስለ ነበረ፣ ተመላሹ ሠራዊት ሸክሙን ባቃለለበት በር ላይ የቆሙት ካሣ ሆኑ።

የጥንት ጠመንጃ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ይህን ስጦታ ቢመለከት ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በዚያ ዘመቻ የእንግሊዝ ወታደሮች ራሳቸው የያዙት በስተኋላ የሚጎርሰውን አዲሱን ስናይደር፣ የእኛ ሰዎች በኋላ ሰናድር ያሉትን ጠመንጃ ነበር። ይህ መሣሪያ በጦርነት መጀመሪያ የተፈተነው በዚሁ በመቅደላ ዘመቻ ነው። የሠለጠነ ወታደር በአንድ ደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩስበታል። ለካሣ የተሰጡት ግን ባብዛኛው የቀድሞዎቹ ነበሩ። ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ ተጨምሮ በዘንግ የሚጠቀጠቅ፣ ውስጡ ልሙጥ የሆነ፣ በደቂቃ ከ2 ወይም ከ3 ጊዜ በላይ የማይተኩስ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራዊቱን በአዲሱ ጠመንጃ እያስታጠቀ ስለ ነበረ፣ አሮጌውን ጭኖ ወደ መርከብ ከመመለስ መስጠቱ ይቀለው ነበር።

ለእንግሊዝ አሮጌ የነበረው ግን ለኢትዮጵያ አዲስ ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበረው ነፍጥ ባብዛኛው በክር እሳት የሚተኮስ ነው። ተኳሹ ክሩን አቀጣጥሎ መጠበቅ አለበት፤ ዝናብ ከመጣና ክሩ ከረጠበ ነፍጡ ዱላ ይሆናል። የሰናፌው ጠመንጃ ግን ክር የለውም። መዶሻው ሲመታው የሚፈነዳ አንዲት ትንሽ የመዳብ ቆብ ብቻ ትበቃዋለች፤ እርጥበትም በቀላሉ አያሰንፈውም። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ልዩነት ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንዳስከተለ እናያለን።

ቴዎድሮስ ከሞቱ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በነሐሴ 1860፣ ዋግሹም ጎበዜ በሰቆጣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በስም ሁለተኛ መሆናቸው ነው። በጎንደር የተጎዱትን አብያተ ክርስቲያናት ለማደስ ደከሙ፤ ካህናቱንም አከበሩ፤ ቴዎድሮስ በኃይል ያንበረከካቸውን መኳንንት በሹመትና በጋብቻ ለመሳብ ሞከሩ። ይሁን እንጂ በሸዋ ምኒልክ ራሳቸውን ችለው ይገዙ ነበር፤ ካሣም ግብር መላክን አቆሙ።

ከዚህም በላይ ለአዲሱ ንጉሥ ሁለት ነገሮች ጎደሏቸው። አንደኛው ጳጳስ ነው። አቡነ ሰላማ በ1860 መጀመሪያ በመቅደላ ስለ ሞቱ፣ ንጉሡን ቀብቶ የሚያነግሥ አልነበረም። ካሣ ግን ገንዘብ አውጥተው ወደ እስክንድርያ ልከው በ1861 አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ሁለተኛው ጠመንጃ ነው። ምጽዋ በግብፅ እጅ ስለ ነበረች መሣሪያ ማስገባት ለማንም ቢሆን አስቸጋሪ ነበር፤ ከባሕር ርቆ ከትግራይ በስተጀርባ ለሚኖረው ለዋግ ሰው ደግሞ በሩ ፈጽሞ የተዘጋ ነበር። ሰቆጣ ጨው ከበረሃ ማስመጣት ትችላለች፤ ባሩድና ጥይት ግን የሚመጣው በካሣ ደጅ ነው።

ካሣ ጠመንጃውን ግምጃ ቤት አስገብተው አላስቀመጡትም። ጆን ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሳይመለስ ከእርሳቸው ጋር ቀርቶ ነበርና፣ በተራ ቆሞ መተኮስን፣ አንዱ ሲያጎርስ ሌላው መተኮስን፣ መድፍን ማነጣጠርን ለወታደሮቻቸው እንዲያስተምር አደረጉ። ስለ ጠመንጃ ኃይል ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ስጦታው ሰናፌ ላይ የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ዓመታት ወሰደ።

በ1863 ክረምት ሲገባ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ብዙ ሠራዊት አስከትለው ወደ ትግራይ ዘመቱ። የታሪክ ጸሐፊዎች የእርሳቸውን ሠራዊት እስከ 60,000፣ የካሣን ወደ 12,000 ይገምቱታል። በቁጥር አምስት እጥፍ ማለት ነው። በሰኔ ወር መጀመሪያው ግጥሚያ ተደረገ፤ በሐምሌ ወር ደግሞ በዐድዋ አጠገብ በአሰም ወንዝ ላይ ዋናው ውጊያ ሆነ። የንጉሡ ሠራዊት ባብዛኛው ጦርና ጋሻ፣ ጎራዴና ፈረስ የታመነበት ሠራዊት ነው። በድፍረት አላነሰም። ነገር ግን ሐምሌ የዝናብ ወር መሆኑን፣ የአገሬው ነፍጥም የክር እሳት የሚሻ መሆኑን ስናስብ፣ በተራ ቆሞ ያለ ማቋረጥ ከሚተኩስ ጭፍራና ከመድፍ ፊት የቆመው ጎበዝ ሁሉ ምን ዓይነት ዕድል እንደ ገጠመው መገመት አያዳግትም። ሠራዊቱ ተፈታ፤ ንጉሡም ቆስለው ተማረኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሳዛኝ ነው። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዓይናቸው ጠፍቶ በትግራይ ታሰሩ፤ ሰቆጣንም ዳግመኛ ሳያዩ በእስር ሞቱ። መንግሥታቸው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ባለቤታቸው ድንቅነሽ ለባላቸው ሲያለቅሱ፣ ወንድማቸው ካሣ ጥር 13 ቀን 1864 በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ነገሡ። በአንዲት ሴት ቤት የአንዱ ወገን ሐዘንና የሌላው ወገን ደስታ በአንድ ዓመት ውስጥ ገቡ።

ታሪክ ግን በዚህ አልቆመም። ዐፄ ዮሐንስ ከአሰም የተማሩትን አልረሱም። በ1868 ግብፆች በጉንደትና በጉራ በመጡባቸው ጊዜ ድል ነሥተው፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሬሚንግተን ጠመንጃ ማረኩ። ከዚያም ውጅግራው፣ ምንሽሩና ሌላውም በየተራ ገባ። በ1888 በዐድዋ ጦርነት የዋግ ሰዎች በዋግሹም ጓንጉል መሪነት ከመላው ኢትዮጵያ ጋር ተሰልፈው ሲዋጉ፣ የታጠቀው ሠራዊት የሐምሌ 1863ቱ ሠራዊት አልነበረም። ኢጣልያኖች ዳግመኛ በመጡ ጊዜም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግ ተራሮች አርበኞችን መርተው፣ በ1930 ሕይወታቸውን ሰጥተዋል።

ዛሬ ያ ሁሉ አሮጌ ጠመንጃ የሰብሳቢ ዕቃ ሆኗል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ የቀድሞ ዘመን የጦር ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ታይተዋል። ገዢዎቹ በደስታ ይገዟቸዋል፤ የተሰነጠቀውን ሰደፍ በጠፍር የጠገነውን፣ ብረቱን በሚስማር የያዘውን የማይታወቅ ሰው እጅ እያደነቁ ያሳያሉ። በዚህ ነገር ሰብሳቢው አይወቀስም፤ ብረቱን ከመቅለጥ አድኖታልና። ሊያሳስበን የሚገባው የእኛ ድርሻ ነው። ጠመንጃው ሲሄድ የያዘው ሰው ስም፣ የዋለበት ሜዳ፣ የተወረሰበት ቤት አብሮት ካልተጻፈ፣ የተሠራበትን ዓመት የሚያውቁ ሰዎች የሠራውን ሥራ አያውቁትም። አንድ የሰናፌ ጠመንጃ ዛሬ በአንድ ሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢገኝ፣ ማኅተሙ የእንግሊዝን ዘውድ ያሳያል እንጂ፣ ያ መሣሪያ የማንን ዘውድ እንደ ጣለ አይናገርም።

በየቤቱ ከአባት የወረሰውን አሮጌ መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ካለ፣ የአያቱን ታሪክ ጽፎ ከመሣሪያው ጋር ቢያኖር፣ ወይም ለሙዚየም ሲሰጥ ታሪኩንም አብሮ ቢሰጥ፣ ለአገሩ ትልቅ ነገር ማድረጉ ነው። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በነገሥታቱ ዝርዝር በቴዎድሮስና በዮሐንስ መካከል እንደ ጥላ ያልፋሉ። ነገር ግን የሰቆጣው ንጉሥ ሕይወት ለትውልድ የሚሰጠው ትምህርት አለ። የመሣሪያ ብልጫ በእጅ ያለውን ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ባሕር የሚያወጣውን መንገድና የሚያስተምረውን ሰው ጭምር የሚጠይቅ መሆኑን፣ ጀግንነትም ያለ ትጥቅና ያለ ትምህርት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ እርሳቸው በዘውዳቸውና በዓይናቸው ከፍለው አሳይተዋል።